ጤና አዳሜን የበላው ትል

ጤና አዳሟን የሰጡኝ አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እናት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ገዝተን ስንገባ ሰው ሁሉ ብርጭቆና ድስት ይዞ መጣ። እሳቸው ግን በቡና ጣሳ የተተከለች አንዲት ቀጭን ጤና አዳም አቅፈው መጡ። "ሙቀቱ ሲመጣ አውጫት፣ ብርዱ ሲጀምር አስገቢያት፤ የእኛዋ በረዶ አትችልም" አሉኝ።

በሁለተኛው ዓመት ወገቤ ጋ ደረሰች። ሐምሌ ላይ አንድ ቅዳሜ ቡናው ተቆልቶ፣ ጀበናው ተጥዶ፣ አንድ ዘለላ ልቀነጥስ ወጣሁ። ጫፎቿ የሉም። ግንዱ ብቻ ቀርቷል። ጠጋ ብዬ ሳይ ሰባት ትል ቆጠርኩ። ትንንሾቹ ጥቁር ሆነው ወገባቸው ላይ ነጭ ነገር አለ፤ ላያቸው ሰው የወፍ ኩስ ነው የሚመስሉት። ትልልቆቹ ትንሿን ጣቴን ያህላሉ፣ አረንጓዴ ናቸው፣ በየአንጓቸው ጥቁር ቀለበት፣ ቀለበቱ ላይ ደግሞ ቢጫ ነጠብጣብ። አንዱን በስንጥር ነካ ሳደርገው ከጭንቅላቱ ጀርባ ሹካ የመሰለ ብርቱካናማ ቀንድ አወጣና ኃይለኛ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ።

ሳሙና ውኃ ውስጥ ጨመርኳቸው። ሰባቱንም።

ልጄ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው። አጠገቤ ቆማ ታይ ነበር። "ማሚ፣ ቢያድጉ ምን ይሆኑ ነበር?" አለችኝ። አላወቅኩም። ማታ ስልኬ ላይ ፎቶውን ፈልጌ አገኘሁት። ብላክ ስዋሎቴይል ይባላል፤ ክንፉ ጥቁር፣ ዳር ዳሩን ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት፣ ከኋላ ሰማያዊ ጣል ጣል ያለበትና ሁለት አጭር ጭራ ያለው የሚያምር ቢራቢሮ። ለልጄ ስነግራት አለቀሰች። እኔም ያን ሌሊት ደህና እንቅልፍ አልወሰደኝም። የጓሮ ሥራዬ የተጀመረው ከዚያ ቅዳሜ ነው።

ቢራቢሮ የሚመጣበት ጓሮ መሥራት የምትፈልጉ ካላችሁ ከእኔ ስህተት ጀምሩ። እኔም እንደ ብዙው ሰው ነገሩ አበባ መትከል ብቻ ይመስለኝ ነበር። አበባ ያስፈልጋል፣ ግን አበባው ለመንገደኛው ነው። ቢራቢሮ ከየትኛውም አበባ ወለላ ቀስማ ልትሄድ ትችላለች፤ እንቁላሏን የምትጥለው ግን ልጆቿ ሊበሉት በሚችሉት ቅጠል ላይ ብቻ ነው፣ ያም ቅጠል ለየዝርያው የተወሰነ ነው። ልብ ብላችሁ ብታዩ ቅጠል ላይ አርፋ በፊት እግሮቿ ታታታ ታደርጋለች። በእግሯ እየቀመሰች ነው። ካልሆነ ተነሥታ ትሄዳለች። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው "የትኛው አበባ ያምራል?" ሳይሆን "የትኛውን ቅጠል ላስበላ?" ነው።

ለብላክ ስዋሎቴይል መልሱ ቤታችን ውስጥ ነው ያለው። ጤና አዳም አንዱ ነው። እንስላል ሌላው ነው። ፓርስሊ፣ ዲል፣ የካሮት ቅጠልም ይበላሉ። እኔ አሁን ሦስት ማሰሮ ጤና አዳም አለኝ። አንዷ የቡናዬ ናት፣ በስስ መረብ ትሸፈናለች። ሁለቱ የእነሱ ናቸው። እንስላሉን ደግሞ መሬት ላይ ነው የተከልኩት፣ ከሰው ቁመት በላይ ይሆናል፣ ሁላችንም ይበቃናል። አፓርታማ የምትኖሩ ሰዎች ይሄን አንብባችሁ "እኔ ጓሮ የለኝም" አትበሉ። ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ ላይ አንድ ትልቅ ማሰሮ እንስላልና አንድ ማሰሮ ፓርስሊ ካለ ሊመጡ ይችላሉ። እኅቴ አራተኛ ፎቅ ላይ መጥተውላታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ጤና አዳምን በጠራራ ፀሐይ በባዶ እጅ አትቁረጡ። ፈሳሹ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ውኃ ይቋጥራል። ጠዋት ወይ ማታ ቁረጡ፣ ወይ ጓንት አድርጉ፣ ከዚያ እጃችሁን ታጠቡ። በተለይ ልጆች።

አሁን ወደ ሞናርክ ልምጣ፤ ብዙ ገንዘብም ብዙ ስሜትም ያወጣሁበት እሱ ነው።

ሞናርክ ብርቱካናማ ሆኖ ጥቁር ደም ሥር ያለው ነው፣ ታውቁታላችሁ። ትሉ የሚበላው ሚልክዊድ የሚባል ተክልን ብቻ ነው። በ2021 ጸደይ ላይ አንድ ትልቅ መደብር ሄጄ አራት ሚልክዊድ ገዛሁ፣ ስሙ ስለማረከኝ ደግሞ "የቢራቢሮ ቁጥቋጦ" የሚሉትን ሐምራዊ አበባም ጨመርኩ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ሚልክዊዱ ላይ ትሎች አየን። ነጭ፣ ጥቁርና ቢጫ ሸንተረር ያላቸው። ልጄ ስም አወጣችላቸው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሁሉም ጠቁረው፣ አንዳንዱ በጎኑ ወድቆ፣ አንዳንዱ ቅጠሉ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘናቸው። እኔ ምንም አልረጨሁም። በኋላ ሳጣራ የተረዳሁት፣ ለሽያጭ የሚቀርቡ ተክሎች አንዳንዶቹ ገና ሲያድጉ ኒዮኒክ የሚባል ነፍሳት የሚገድል መድኃኒት በሥራቸው ጠጥተው ነው የሚመጡት። መድኃኒቱ ቅጠሉም አበባውም ውስጥ ይገባል። ሲታጠብ አይለቅም፣ ወራት ይቆያል። የእኔ ተክሎች ላይ የሆነው ይሄ ለመሆኑ ማረጋገጫ የለኝም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሻጩን "ኒዮኒክ ነክቶታል?" ብዬ ሳልጠይቅ አንድም ተክል አልገዛም። ሻጩ ካላወቀ ይቅር። የአገር በቀል ተክል ብቻ የሚሸጡ ትንንሽ ችግኝ ጣቢያዎች አሉ፣ እነሱ ጥያቄውን ይወዱታል።

ሐምራዊውን ቁጥቋጦ በተመለከተ ደግሞ ነቀልኩት። ቢራቢሮ ይመጣበታል፣ ልክ ነው፣ ግን ወለላውን ጠጥታ ትሄዳለች እንጂ ቅጠሉ እዚህ ላሉት ትሎች ምግብ አይሆንም፣ ዘሩም እየበረረ ጫካ ይገባል። ከቻይና የመጣ ነው። የሥጋ ዘመዱ አገራችን አለ፤ አንፋር። አንፋር ደጋ ላይ አገሩ ነው፣ ያለቦታው አይደለም። ልዩነቱ ይሄ ነው።

ከዚያ በኋላ ከዘር ለመጀመር ወሰንኩ። ሚልክዊድ ከዘር ሲበቅል አንድ ጠባይ አለው፤ ብርድ ካላገኘ አይነቃም። መጀመሪያ ሚያዝያ ላይ ዘርቼ ምንም አልበቀለም። ቢያንስ አንድ ወር እርጥብ ብርድ ይፈልጋል። በእርጥብ ወረቀት ጠቅልሎ ፍሪጅ ማስገባት ይቻላል፣ እኔ ግን ኅዳር ላይ በትኜ ለክረምቱ ተውኩት። በረዶው ሥራውን ሠራ፤ ግንቦት ላይ ጥንድ ጥንድ ቅጠል ብቅ አለ። ታገሡ፣ አበባ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ዓመት ነው።

ሦስት ዓይነት ነው የሞከርኩት። ስዋምፕ ሚልክዊድ ለእኛ ጭቃ አፈር ምርጡ ነው፣ ውኃ ይወዳል፣ ቦታውን ይዞ ይቀመጣል። በተርፍላይ ዊድ አጭርና ብርቱካናማ ነው፣ ደረቅ ቦታ ይፈልጋል፣ ሥሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ስለሚወርድ አንዴ ከተተከለ አታንቀሳቅሱት። ኮመን ሚልክዊድ የሚባለው ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ ሞናርክ በጣም ትወደዋለች፣ ግን ከመሬት በታች ሥሩን እየሰደደ ሣሩ መሐል ብቅ ይላል። ትንሽ ጓሮ ካላችሁ ይቅርባችሁ።

ቦታውን ያዘጋጀሁት ሳልቆፍር ነው። ጥቅምት ላይ ሦስት በአራት ሜትር የሚሆን፣ በቀን ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ መረጥኩ። የአማዞን ካርቶን እንደሆነ ሁላችን ቤት ሞልቷል፤ ፕላስተሩን ልጬ፣ እያነባበርኩ ሣሩ ላይ አነጠፍኩ፣ በውኃ አራስኩት፣ ከላይ አንድ ስንዝር ቅጠልና የእንጨት ፍቅፋቂ ጫንኩበት። ጸደይ ሲመጣ ሣሩ ሞቷል፣ አፈሩ ለስልሷል፣ የመሬት ትሉ ብዛት ያስገርማል። የምትቆፍሩ ከሆነ ግን ከቀናት በፊት 811 ደውሉ። በነፃ መጥተው የጋዝና የመብራት መስመሩን በቀለም ምልክት ያደርጉላችኋል። ይሄን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት።

እናቴ በ2023 ክረምት ላይ፣ ማለት እዚህ በጋ ሲሆን፣ ልትጠይቀን መጣች። ጓሮውን ስታይ ዝም አለች። ከዚያ "ልጄ፣ ይሄን ሁሉ መሬት ለአረም? ጎመን አትተክዪበትም?" አለችኝ። ጎመንም አለ ብዬ አሳየኋት፣ በመረብ የተሸፈነ፣ ምክንያቱም የጎመኑን ነጭ ቢራቢሮ ለመከላከል መድኃኒት ብረጭ ነፋስ ወስዶ ሌሎቹን ስለሚነካብኝ።

ከዚያ አንድ የሚልክዊድ ቅጠል ቀነጠሰች። ነጭ ወተት ወጣ። "ይሄማ ጦቢያው ነው!" አለች። እማዬ ልጅነቷ መተሐራ ነው፣ ጦቢያውን በደንብ ታውቀዋለች። ጦቢያው አይደለም፣ ግን አልተሳሳተችም፣ በቤተሰብ አንድ ናቸው። "እጅሽን ሳትታጠቢ ዓይንሽን እንዳትነኪ" አለችኝ፤ ይሄም ልክ ነው፣ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። በጣም የገረመኝ ግን ሌላው ነው። ጦቢያው ላይ የሚያድገው የእኛ አገር ብርቱካናማ ቢራቢሮ፣ ክንፉ ጫፍ ላይ ጥቁርና ነጭ ያለበት፣ የሞናርክ የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለቱም መርዙን ከተክሉ ወስደው በሰውነታቸው ያኖሩታል፣ ወፍ አንዴ ከቀመሳቸው ሁለተኛ አትነካቸውም። እማዬ ልጅ ሆና እሱን ስታባርር ነው ያደገችው።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ስኒዋን ይዛ እየወጣች ቅጠል ትገለብጣለች። እንቁላሉን እንድታገኝ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ በሳምንቱ ግን በልጣኝ ሄደች። እንቁላሉ ብዙ ጊዜ ከቅጠሉ ሥር፣ አንድ ብቻውን ነው የሚጣለው። የመርፌ ራስ ታክላለች፣ ነጣ ያለች ቅቤ መልክ፣ ጠጋ ብላችሁ ካያችኋት ከላይ እስከ ታች ሸንተረር አላት። በአራት ቀን ገደማ ትፈለፈላለች። ትሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ክብደቱ ሁለት ሺህ ጊዜ ያህል ይጨምራል፤ ስለዚህ "አንድ ተክል ይበቃል" አትበሉ፣ ቢያንስ ስድስት ትከሉ። ከዚያ ትምህርት ቤት ሙሽሬ ብለው ያስተማሩን ነገር ይሆናል፤ ቅርፊት ውስጥ ተዘግቶ ወደ ቢራቢሮ ይለወጣል። የሞናርክ ሙሽሬ ለጋ አረንጓዴ ሆኖ ዙሪያውን የወርቅ ጠብታ የተነካ ይመስላል። ወርቅ ነው የምለው አጋንኜ አይደለም፣ ያበራል። እማዬ "እግዚአብሔር ማንም ለማያየው ነገር ይሄን ያህል ይጨነቃል?" አለች።

ሁሉም አይተርፉም። ይሄን ለልጆቻችሁ ቀድማችሁ ንገሩ። ከመቶ እንቁላል ዐሥሩ እንኳ ለክንፍ አይደርሱም። ተርብ ይወስዳቸዋል፣ ሸረሪት፣ ጉንዳን። እኔ በአንድ ወቅት ሁሉንም ቤት አስገብቼ በመረብ ሣጥን ለማሳደግ ሞክሬ ነበር። በብዛት ሲታጨቁ በሽታ ይዛመታል፣ አሁን ትቼዋለሁ። ልጄ እንድታይ አንድ ሁለት ብቻ እናስገባለን። ቅጠሉ ላይ ቢጫ ቅማል ሲወጣም አትደንግጡ፣ መድኃኒትም አትርጩ። መጀመሪያ እንቁላል አለመኖሩን እዩ፣ ከዚያ በውኃ ቱቦ አጥባችሁ ጣሉት።

አበባውን ስትመርጡ ለመጸው አስቡ። በጋውንማ ዚንያም፣ ኤኪናሲያም፣ ጆ ፓይ ዊድም ይሸፍነዋል። ጭንቁ መስከረም ላይ ነው። በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም የሚወጡት ሞናርኮች ከቀደሙት የተለዩ ናቸው። የበጋዎቹ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ኖረው ሲያልፉ እነዚህ ስምንት ወር ገደማ ይኖራሉ፣ እስከ 4,800 ኪሎ ሜትር በረው መካከለኛው ሜክሲኮ ተራራ ላይ፣ ኦያሜል የሚባል ጥድ ላይ ተሰብስበው ይከርማሉ። ቅድመ አያቶቻቸው እንጂ እነሱ መንገዱን አይተውት አያውቁም። ስንቃቸው አስተርና ጎልደንሮድ ነው። ጎልደንሮድን "አለርጂ ያመጣል" ብለው የሚነቅሉ አሉ፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ በዚያው ሰሞን የሚያብበው ራግዊድ ነው የሚያስነጥሰን። እዚህ የእኛ የመስቀል ሰሞን ጎልደንሮዱ ቢጫ ሆኖ ይፈነዳል፣ እላዩ ላይ ሞናርክ ይሰፍራል። አደይ አበባ የናፈቀው ሰው ያን ሳምንት ቤቴ ይምጣ።

አሁን ትንሽ ደስ የማይለውን ላንሣ። በ2022 የሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ደብዳቤ ላከብን። "ያልታጨደ አረም" ይላል፣ ቀነ ገደብና የቅጣት ማስፈራሪያም አለበት። ባለቤቴ "እንጨደው፣ ከሰው አንጣላ" አለ። እኔ ግን ሳነብ ቆየሁና ከጥቅምት 1 ቀን 2021 ጀምሮ የሚሠራ የሜሪላንድ ሕግ አገኘሁ። ማኅበራት ነዋሪውን የግድ ሣር ትከል እንዳይሉ፣ እንዲህ ያለውን የአገር በቀል ተክል ቦታም ያለአግባብ እንዳይከለክሉ ይላል፣ እስከ ተንከባከባችሁት ድረስ። ሕጉን ጠቅሼ፣ የተክሎቹን ስም ዘርዝሬ፣ ፎቶ አያይዤ በትሕትና መለስኩ። ጉዳዩ ተዘጋ። ብቻ ሕግ አለኝ ብዬ አልተቀመጥኩም። ዳሩን በድንጋይ ከበብኩት፣ ፊት ለፊቱን አጭር ሣር ተውኩ፣ ረጃጅሙን ወደ ኋላ አደረግኩ። ጎረቤት ሆን ተብሎ የተሠራ መሆኑን ሲያይ ነገር ይበርዳል።

የከበደኝ የወባ ትንኝ ርጭት ነው፣ ማለት የትንኝ። ጎን ያለው ቤት በየሦስት ሳምንቱ ያስረጭ ነበር፤ የሚረጨው ነገር ትንኝን ከቢራቢሮ አይለይም። መጣላት አልፈለግኩም። ልጄ አንድ ሙሽሬ በማሰሮ ይዛ ሄዳ ለልጆቻቸው ሰጠቻቸው። ሲፈለፈል እቤታቸው ነበሩ፣ ሁሉም። ከዚያ ሰውየው ራሱ መጥቶ አነጋገረኝ፣ አሁን በአጥራችን በኩል አያስረጭም፤ የሚጠራቀም ውኃ በየሳምንቱ እንደፋለን፣ እኔ ለቢራቢሮዎቹ አሸዋ ላይ የማስቀምጣትንም ሳሕን ጨምሮ።

መጸው ላይ ጓሮ አታጽዱ። ይሄን ለእኛ ሰው መንገር ከባድ ነው፣ በደረቅ ግንድ የተሞላ ደጅ ነውር ይመስለናል። ነገር ግን ብላክ ስዋሎቴይል ክረምቱን የምታልፈው ሙሽሬ ሆና፣ ደረቅ ግንድ ላይ በሐር ክር ወገቧን ታስራ ነው። ግንዱን ቆርጣችሁ በከረጢት ስታወጡ የሚቀጥለውን ዓመት አብራችሁ ነው የምትጥሉት። እኔ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ አልነካም።

ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ የመጀመሪያው ውርጭ ሊመጣ ሲል ጤና አዳሞቹን ለማስገባት ወጣሁ። በአሮጌዋ፣ በጣሳ በመጣችው ላይ፣ ግንዷ ጋ ደረቅ ቅጠል የመሰለ ነገር ተለጥፏል። ሙሽሬ ናት። ቡናማ፣ ክሯ እንደ ፀጉር የቀጠነ። ጭንቅ ውስጥ ገባሁ። ማሰሮውን ካላስገባሁ ጤና አዳሟ ትሞታለች። ካስገባሁት ሙሽሬዋ ሙቀቱን ጸደይ መስሏት ጥር ላይ፣ አንድ አበባ በሌለበት፣ ትወጣለች። ለእማዬ አዲስ አበባ ደወልኩላት። "ቅርንጫፏን ቁረጪያትና ውጭ እሰሪያት፤ ጤና አዳም ቢቆርጧት አትቀየምም" አለችኝ።

ስንዝር የምታህል ቅርንጫፍ ቆረጥኩ። በሰሜን በኩል፣ ፀሐይ በማያገኘው አጥር ላይ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ አድርጌ በሲባጎ አሰርኳት። ክረምቱን ሙሉ በረዶ ሲወርድባት በመስኮት እያየሁ ከረምኩ። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ መጀመሪያ የምታየው እሷን ነው።

የፋሲካ ሳምንት ጠዋት ላይ ቅርፊቱ ሳስቶ ጥቁሩ ክንፍ በውስጡ ይታይ ነበር። ልጄን ቀሰቀስኳት። ስንደርስ ወጥታለች፣ ባዶ ቅርፊቷ ላይ ተንጠልጥላ ክንፏን ታደርቃለች። ጤና አዳሟ ከቤት የወጣችው በዚያው ሳምንት ነው።